የአርክቴክቸር ውድድር ጥሪ ሲደርስዎ፦ ከመጀመሪያው ንባብ እስከ ፋይል መላክ

በሙያ ማህበር የታቀፈ አርክቴክት የውድድር ጥሪ አያጣም። በኢሜይል ይመጣል፣ በቴሌግራም ይመጣል፣ የሥራ ባልደረባ ያጋራል። አብዛኛው ተከፍቶ፣ ምስሉ ታይቶ፣ ሽልማቱ ተነቦ ይዘጋል፤ ከዚያ ማስረከቢያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ትዝ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው፦ ሌሊት ሙሉ ሬንደር (የሕንፃውን ምስል በኮምፒውተር ማውጣት)፣ ጠዋት ላይ አልላክ የሚል ፋይል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በክፍት የዲዛይን ውድድር ለሚሳተፉ ትናንሽ ቢሮዎችና የሁለት የሦስት ሰው ቡድኖች ነው። እንዴት ጥሩ ዲዛይን እንደሚሠራ አያስተምርም። ጥሩ ዲዛይን ዳኛ ፊት ሳይደርስ የሚቀርባቸውን ምክንያቶች ነው የሚያነሳው፤ እነሱም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከደንብ፣ ከሰዓትና ከፋይል ጋር የተያያዙ ናቸው።

1. ጥሪውን ከምንጩ ያንብቡ

በማህበሩ ማስታወቂያ ላይ ያዩት አጭር መግለጫ ማጠቃለያ ነው። የሽልማቱ መጠን አለበት፣ የቅጂ መብት አንቀጹ ግን የለበትም። ወደ አዘጋጁ ገጽ ይግቡና ሙሉውን ሰነድ ያውርዱ። ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገሮች ያገኛሉ፦ የውድድሩ ደንብ፣ ብሪፉ (የቦታዎቹ ዝርዝር ያለበት ፕሮግራም) እና የሳይቱ (ሕንፃው የሚያርፍበት ቦታ) መረጃ። ፎልደሩን ባወረዱበት ቀን ይሰይሙት። አዘጋጆች ሰነዱን መሀል ላይ ያሻሽሉታልና በየትኛው እትም እየሠሩ እንዳሉ ሁልጊዜ ማወቅ አለብዎት።

ደንቡን አትመው በሁለት ቀለም ያስምሩበት። “አለበት”፣ “ግዴታ”፣ “ከውድድር ያሰናብታል” የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች በቀይ፤ ግልጽ ያልሆኑት በቢጫ። ቀዮቹን ብቻ ለይተው በአንድ ገጽ ይጻፉና ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ቢጫዎቹ ደግሞ በጥያቄ ማቅረቢያው ጊዜ ለአዘጋጁ የሚላኩ ናቸው። ሁለት ሰው ለየብቻው ቢያሰምርና በኋላ ቢያስተያይ ይመረጣል፤ አንዱ የዘለለውን ሌላው ያያል።

2. መግባት ወይስ መተው

ይህ ውሳኔ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም፣ ግን መሥራት ከመጀመርዎ በፊት መወሰን አለበት። የሚታዩት አራት ነገሮች ናቸው።

መጀመሪያ ዳኞቹ። ስማቸውና ሙያቸው ተገልጿል? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ፓሪስ ላይ ያጸደቀው የዓለም አቀፍ የአርክቴክቸርና የከተማ ፕላን ውድድሮች የምክረ ሐሳብ ሰነድ የሚለው ግልጽ ነው፦ ከዳኞቹ የሚበዙት ከአዘጋጁ ነፃ የሆኑ ባለሙያዎች ይሁኑ፣ ተወዳዳሪው በስም አይታወቅ፣ የዳኞቹ ውሳኔ አዘጋጁን ይገዛው። ከእነዚህ መርሖች ጋር አገናዝቦ ዕውቅና የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1948 ሎዛን ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የአርክቴክቶች ኅብረት፣ በምሕፃሩ ዩአይኤ ነው። በጥሪው ላይ የዩአይኤ ዕውቅና ካለ ከስጋትዎ ግማሹ ይወርዳል። ከሌለም ውድድሩ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ደንቡን ራስዎ መርማሪ ሆነው ያነቡታል ማለት ነው። “ዳኞች በኋላ ይገለጻሉ” ተብሎ የምዝገባ ክፍያ ግን ዛሬ የሚሰበሰብ ከሆነ ይተዉት።

ሁለተኛ፣ ማሸነፍ ምን ያስገኛል? የፕሮጀክት ውድድር አለ፣ የሐሳብ ውድድር አለ። በመጀመሪያው አሸናፊው ሥራውን የመሥራት ውል ይጠብቃል። በሁለተኛው የሚገኘው ሽልማትና ስም ብቻ ነው። “አዘጋጁ ከአሸናፊው ጋር ሊነጋገር ይችላል” የሚለው ዓረፍተ ነገር የፕሮጀክት ውድድር መስሎ የሐሳብ ውድድር ነው። የዩኔስኮው ሰነድ በ24 ወራት ውስጥ ውል ካልተፈረመ አሸናፊው ካሳ ይገባዋል ይላል፤ በእጅዎ ያለው ደንብ ይህን የመሰለ አንቀጽ ካለው ቁም ነገር ያለው አዘጋጅ ነው። ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሄልሲንኪው ጉግንሃይም ሙዚየም ውድድር 1715 ሥራዎች ቀርበውበት እ.ኤ.አ. በ2015 አሸናፊው ታወቀ፤ በ2016 የከተማዋ ምክር ቤት ፕሮጀክቱን ውድቅ አደረገውና ሕንፃው ሳይሠራ ቀረ።

ሦስተኛ፣ የፈጠራው መብት የማን ነው? አዘጋጁ ሥራዎቹን በኤግዚቢሽንና በመጽሐፍ ለማሳየት ፈቃድ ቢጠይቅ የተለመደ ነው። “የቀረቡ ሥራዎች ሁሉ የአዘጋጁ ንብረት ይሆናሉ፣ እንደፈለገ ሊጠቀምባቸው ይችላል” ካለ ግን ያላሸነፈውን ሐሳብዎንም በነፃ እየሰጡ ነው። የሪል እስቴት ድርጅቶች በሚያወጧቸው ውድድሮች ላይ ይህ አንቀጽ ደጋግሞ ስለሚታይ እነሱን በተለይ ጠንቀቅ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። አንቀጹን ካገኙ ለማህበሩ ያሳውቁ። አንድ ተወዳዳሪ ሲጽፍ ዝም የሚል አዘጋጅ የሙያ ማህበር ደብዳቤ ሲጽፍለት ደንቡን ሊያሻሽል ይችላል።

አራተኛ፣ ብቁ ነዎት? የዕድሜ ጣሪያ፣ የሙያ ፈቃድ፣ የቢሮ ዓመታዊ ገቢ፣ የሥራ ልምድ ዓመታት። የጥቅም ግጭትም እዚህ ይገባል፦ ከዳኞቹ አንዱ የቡድንዎ አባል ቀጣሪ፣ የሥራ ሸሪክ ወይም የቅርብ ዘመድ ከሆነ ብዙ ደንቦች ከውድድር ያሰናብታሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የአርክቴክት ዓለም ጠባብ ነውና፣ አስተማሪና ተማሪም በየቦታው ይገናኛልና፣ በአገር ውስጥ ውድድር ይህን አስቀድሞ በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን መያዝ ይሻላል።

3. ሂሳቡን ያስሉ

የታላላቅ ውድድሮች ቁጥር እውነቱን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2002 ለወጣው የታላቁ የግብፅ ሙዚየም ውድድር ከ82 አገሮች 1557 ሥራዎች ቀርበዋል፣ ያሸነፈው አንድ የደብሊን ቢሮ ነው። ስለዚህ “ብናሸንፍ” ብለው አያስሉ። “ባናሸንፍ ምን ይተርፈናል” ብለው ያስሉ።

ሦስት ሰዎች በሳምንት 15 ሰዓት ለስድስት ሳምንት ቢሠሩ 270 ሰዓት ነው። ይህን በቢሮዎ የሰዓት ዋጋ ያባዙት፤ የምዝገባውን ክፍያ፣ የኅትመቱንና የሞዴሉን ወጪ ይጨምሩበት። ከዚያ ውድድሩ ቢሮው ሊሠራበት ወደሚፈልገው ዘርፍ (ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የቅርስ እድሳት) የሚያስገባ ፖርትፎሊዮ የሚሰጥ መሆኑን ይመዝኑ። ካልሆነ ያ 270 ሰዓት ለደንበኛ ሥራ ቢውል ይሻላል። በዓመት አምስት ውድድር በጥድፊያ ከመግባት ሁለት ብቻ መርጦ በአግባቡ መሥራት የተሻለ ውጤት አለው።

4. ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሱ

ቀላል ይመስላል፣ ብዙ ሥራ ግን እዚህ ላይ ነው የሚቀልጠው። ስህተቱ የሚመጣው ከሦስት አቅጣጫ ነው።

አንዱ የቀን አጻጻፍ ነው። 05/06 ለአውሮፓዊ አዘጋጅ ጁን 5 ነው፣ ለአሜሪካዊ ሜይ 6። ወሩ በፊደል ካልተጻፈ ይጠይቁ። ጃንዋሪ 31 ሲባል በአብዛኛው ዓመት ጥር 23 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ባለፈችበት ዓመት ግን እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ቀኑ በአንድ ይዛነፋልና ጥር 22 ይሆናል። ቀጣዩ እንዲህ ያለ ዓመት 2020 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው የሰዓት ቀጠና ነው። እኛ ከግሪኒች በሦስት ሰዓት እንቀድማለን፣ ሰዓታችንን ደግሞ ከንጋት 12 ጀምረን እንቆጥራለን። ስለዚህ “23፡59 ግሪኒች” ማለት በማግስቱ ሌሊት 8፡59 ነው። “17፡00 የመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት” በክረምታቸው ምሽት 1 ሰዓት ይሆናል፣ በበጋቸው ደግሞ ምሽት 12 ሰዓት። ሦስተኛው ጣጣ ይኸው የበጋና የክረምት ለውጥ ነው። አውሮፓውያን ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው። አሜሪካውያን በማርች ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ይቀይራሉ። በእነዚህ ወራት የሚያልቅ ውድድር ከያዙ የማስረከቢያው ቀን ከለውጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን አይተው ያስሉ።

ያገኙትን ሰዓት በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት ጽፈው ከቀዩ ዝርዝር ራስጌ ላይ ያኑሩት። ከሱ 24 ሰዓት ቀንሰው ሌላ ቀን ይጻፉ። የእርስዎ ማስረከቢያ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው የመጠባበቂያ ነው።

5. ምዝገባና ክፍያ

የምዝገባ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ በደረጃ ነው፦ ቀደም ላለ አነስተኛ፣ ለዘገየ ከፍ ያለ። ከአገር ውስጥ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ቀናት ሊወስድ ይችላልና ባንክዎን ውድድሩን ለመግባት በወሰኑበት ሳምንት ይጠይቁ። ውጭ ያለ ወዳጅ ወይም ዘመድ በካርዱ ሊከፍልልዎ ካሰበ፣ ክፍያው በማን ስም እንደሚመዘገብ አስቀድመው ይወቁ። አንዳንድ ገጾች የከፋዩን ስም የቡድኑ መሪ አድርገው ይይዙታል፤ ሽልማቱ ሲመጣ ውሉ በሱ ስም ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል።

የምዝገባ ቁጥሩ ሲደርስዎ በኢሜይል ብቻ አይተዉት። በወረቀት ጽፈው ቢያንስ ሁለት የቡድኑ አባላት ይያዙት።

6. አንድ ገጽ የቡድን ስምምነት

ጓደኛማቾች ነንና አያስፈልግም የሚባለው ወረቀት ይህ ነው። ሽልማት ሲገኝ የሚያጣላውም እሱ ነው። አምስት ነጥቦች ይበቁታል፦ የስም ቅደም ተከተል፣ የሽልማት ክፍፍል (ግብር ከተቀነሰ በኋላ)፣ ውል ቢመጣ የሚፈርመው ቢሮ፣ አንድ አባል መሀል ላይ ቢወጣ ስሙ ይቆያል ወይስ አይቆይም፣ ሥራው ባያሸንፍ ማን የት ሊያሳየው እንደሚችል። ተማሪ ወይም ተለማማጅ ካለ ስሙ የት እንደሚጻፍ ዛሬ ይወሰን። ሬንደር ሠሪው “ተባባሪ” ይባል ወይስ “የቡድን አባል” የሚለውም እንደዚሁ።

የስትራክቸር ኢንጂነር በስም መጥቀስ ግዴታ የሆነባቸው ውድድሮች አሉ። ለዚህ የመጨረሻውን ሳምንት አይጠብቁ። ረጅም ስፓን (በምሰሶዎች መካከል ያለ ርቀት) ያለው ሐሳብ ከሆነ ደግሞ ኢንጂነሩ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ከሰዓት ቢቀመጥ ያዋጣል። የሲድኒው ኦፔራ ሐውስ እ.ኤ.አ. በ1957 ከ233 ሥራዎች መካከል ሲመረጥ ጣሪያው በምን ዘዴ እንደሚቆም ገና አልተፈታም ነበር፤ የተገመተው 7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በመጨረሻ 102 ሚሊዮን ሆነ። በዛሬ ውድድር የቴክኒክ ገምጋሚዎች እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ዳኞቹ ሳያዩት ምልክት ያደርጉበታል።

7. ሳይትና ፕሮግራም፦ መጀመሪያ ቁጥሩ

ስኬች ከመጀመርዎ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጡ።

የሳይቱን ፋይል በኦቶካድ (በካድ ማለትም በንድፍ መሳያ ሶፍትዌር) ከፍተው አሃዱን ይመልከቱ። በሜትር የተሳለ ፋይል በሚሊሜትር ሲከፈት 120 ሜትር የሆነው ወሰን 120 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህ ወዲያው ስለሚታይ ጉዳቱ ትንሽ ነው። የሚጎዳው የማይታየው ነው። የአገራችን የቦታ ካርታዎች ብዙዎቹ በአዲንዳን ዳተም (የካርታ መጋጠሚያዎች የሚለኩበት መነሻ) የተሠሩ ናቸው፣ ከሳተላይት ምስል የሚወሰደው ደግሞ በሌላ ዳተም፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። አዲስ አበባ በሁለቱም በዩቲኤም (ካርታን በሜትር የሚከፋፍል ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ስለምትውል ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ፣ በመካከላቸው ግን ከ200 ሜትር በላይ መዛነፍ አለ። ካርታውን ሳይቀይሩ ምስሉ ላይ ቢያነጥፉት ሕንፃዎ ከመንገዱ ማዶ ያርፋል። በሁለቱም ላይ በግልጽ የሚታይ አንድ ነጥብ (የድልድይ ጥግ፣ የአደባባይ መሀል) ይምረጡና መግጠሙን ይፈትሹ።

ከዚያ ፕሮግራሙን በኤክሴል ይደምሩ። ብሪፉ የሚዘረዝረው የተጣራ ስፋት ነው፦ ክፍል በክፍል። ግድግዳ፣ ኮሪደር፣ ደረጃ፣ ሻፍት (ቧንቧና ሽቦ ከፎቅ ፎቅ የሚያልፍበት ክፍተት) እና የመሣሪያ ክፍሎች ሲጨመሩ ጠቅላላው ከ30 እስከ 40 በመቶ ያድጋል። የተጣራው 4000 ካሬ ከሆነ በ35 በመቶ ጭማሪ 5400 ካሬ ይሆናል። የተሰጠው በጀት ለ5400 የሚበቃ ካልሆነ ወይም ብሪፉ ራሱ 4800 ጣሪያ ካስቀመጠ፣ ይህ ቢጫ ጥያቄ ነው።

ሳይቱ ሌላ አገር ከሆነ ፀሐይዋን ከአዲስ አበባ ይዘው አይሂዱ። እኛ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነን፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አራተኛው ሳምንት ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከሰሜን ትመጣለች፣ በታኅሣሥ ደግሞ ከደቡብ 57 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሄልሲንኪ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይዋ 7 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። ሬንደሩ ላይ ያለው ጥላ ከሳይቱ ጋር ካልገጠመ አካባቢውን የሚያውቅ ዳኛ በአንድ እይታ ይለየዋል። ሶፍትዌሩ ውስጥ ቦታውንና ሰሜኑን ማስገባት ሁለት ደቂቃ ነው፤ የሚረሳው ግን ብዙ ነው።

8. ጥያቄ ይላኩ

የጥያቄ ማቅረቢያው ጊዜ ከሌሎቹ ቀኖች ሁሉ ቀድሞ ይዘጋል። ጥያቄዎን አጭር፣ በአንቀጽ ቁጥር የተደገፈና ንድፍዎን የማይጠቁም ያድርጉት። “በሰሜን በኩል መሬት ውስጥ የሚገባ አዳራሽ ይፈቀዳል?” ካሉ ሐሳብዎን ለተወዳዳሪዎች ሁሉ አደሉ፤ መልሱ ከጥያቄው ጋር ለሁሉም ነው የሚታተመው። “በአንቀጽ 4.2 የተጠቀሰው የከፍታ ገደብ ከመሬት በታች ያሉ ወለሎችን ይመለከታል?” ቢሉ ያው መልስ ይገኛል። ጥያቄ ባይልኩም የታተመውን መልስ ያንብቡ፤ የደንቡ አካል ነውና አንዳንዴ የሚቀርበውን የቦርድ (ሥራው የሚታይበት ትልቅ ገጽ) ብዛት ሳይቀር ይቀይራል።

9. ቦርዱ

ዳኛ በመጀመሪያው ዙር አንድ ሥራ ፊት የሚቆመው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ያም በትልቅ ወረቀት ላይ መሆኑ ቀርቶ በስክሪን ወይም በኤ3 ኅትመት እየሆነ ነው። ስለዚህ ቦርዱን ለሁለት ርቀት ይሥሩ፦ ከሩቅ አንድ ምስልና አንድ ሐሳብ፣ ከቅርብ ፕላንና ሴክሽን (ሕንፃው ተቆርጦ ውስጡ የሚታይበት ሥዕል)።

ኤ1 ወረቀት 594 በ841 ሚሊሜትር ነው። ወደ ኤ3 ሲወርድ ሁሉም ነገር በግማሽ ይቀንሳል። በ12 ነጥብ የፊደል መጠን የጻፉት 6 ነጥብ ይሆንና አይነበብም። የማብራሪያ ጽሑፍ ከ20 ነጥብ፣ የክፍል ስም ከ16 ነጥብ አይነስ። 1፡200 ብለው የጻፉት ፕላንም በኤ3 1፡400 ነው፤ ስለዚህ ከጽሑፉ ጋር የተሳለ የመለኪያ መስመር ያስገቡ፣ እሱ አብሮ ስለሚያንስ አይዋሽም። የመስመር ውፍረትም እንደዚሁ ነው። በኤ1 0.1 ሚሊሜትር የሆነ መስመር በኤ3 ይጠፋል፤ የተቆረጠ ግድግዳን 0.7 ወይም 0.5፣ ከሩቅ የሚታየውን 0.18 ማድረግ ያዋጣል።

የመጀመሪያውን ቦርድ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ በባዶ ሳጥኖች ያቁሙ። ዋናው ሬንደር የት፣ ሴክሽኑ የት፣ ጽሑፉ ስንት መስመር። ይህ ካልተደረገ ቡድኑ አሥራ ሁለት ሬንደር ይሠራና ቦርዱ አራት ብቻ ይይዛል። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ በኤ3 አትመው ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ብለው ይዩት። ሐሳቡ ከዚያ ካልታየ ለዳኛውም አይታይም። ፕሮጀክቱን ለማያውቅ የቢሮ ባልደረባ አሳይተው “ምን ገባህ?” ማለት ከረጅም ክርክር ይበልጣል።

የፋይሉ ክብደት ሌላ ራስ ምታት ነው። ኤ1 በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ የምስል ነጥቦች ብዛት) 7016 በ9933 ፒክስል ሲሆን ሳይጨመቅ ወደ 200 ሜጋባይት ይጠጋል። በ150 ዲፒአይ ሩቡን ብቻ ይመዝናል፣ ለስክሪንና ለኤ3 ኅትመትም ይበቃል። ገደቡ 20 ሜጋባይት ከሆነ ምስሎቹን በ150 ዲፒአይ ጄፔግ አድርገው መስመሮቹን በቬክተር (ወደ ምስል ሳይቀየሩ በመስመርነታቸው) ይተዉ። ይህን አድርገው አሁንም ከከበደ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ምስል አይደለም፤ ከካድ የመጣው የዛፍ ብሎክ (ተዘጋጅቶ የሚደጋገም ሥዕል) እና ጥቅጥቅ ያለ ሀች (ቦታ የሚሞላ የመስመር ድርድር) ነው። አንድ ዛፍ ሺህ መስመር ይኖረዋል፣ ሳይት ፕላኑ ላይ ሦስት መቶ ዛፍ አለ። ሳይት ፕላኑን ብቻ ለይተው ወደ ምስል ይቀይሩት፣ ፋይሉ ይቀላል።

አማርኛ ጽሑፍ ካለበት ፎንቱን ይጠንቀቁ። በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ፣ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር ካልተያያዘ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ይወጣል። በዩኒኮድ ፎንት ይጻፉ፤ ከመላክዎ በፊት ደግሞ የጽሑፉን ቅጂ ወደ ቅርጽ ይቀይሩት።

10. ስምን መደበቅ

እ.ኤ.አ. በ1981 የዋሽንግተን የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ውድድር ላይ 1421 ሥራዎች በቁጥር ብቻ ቀረቡ። ያሸነፈው 1026 ቁጥር ነበር፤ ሲከፈት የ21 ዓመቷ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማያ ሊን ሆና ተገኘች። ስም ቢታይ ኖሮ ያ ውጤት ይገኝ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ለወጣት ቢሮ ከዚህ የሚበልጥ ከለላ የለም፣ ስለዚህ በገዛ እጅ አያፍርሱት።

ስም የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱ ላይ አይደለም። ፒዲኤፉን ከፍተው የፋይሉን መረጃ ይመልከቱ፦ “አዘጋጅ” በሚለው ቦታ የኮምፒውተሩ ባለቤት ወይም የቢሮው ስም ተቀምጦ ይገኛል። ከካድ በቀጥታ የወጣ ፒዲኤፍ የፋይሉን ስም ርዕስ ያደርገዋል፤ ፋይሉ “አበበ_የመጨረሻ_3” ከተባለ አበበ ታወቀ። የቢሮው የወረቀት ፍሬም ከነሎጎው በአንድ ሴክሽን ጥግ ላይ ተረስቶ ይቀራል። ሬንደሩ ውስጥ ያለ የመኪና ታርጋ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንደ ቀልድ የተጻፈ የቢሮ ስምም ያስጥላል። የፋይሉን መረጃ ባዶ አድርገው እንደገና ያስቀምጡ፣ ከዚያ በሌላ ኮምፒውተር ከፍተው ያረጋግጡ።

መለያ ቁጥሩ በየት ጥግ፣ በስንት ሚሊሜትር ቁመት እንደሚጻፍ ደንቡ ይናገራል። በሁሉም ቦርድ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። የስም ቅጹ ለብቻው በሚላክ ፋይል ወይም በታሸገ ፖስታ ነው የሚገባው፤ ከቦርዱ ጋር በአንድ ፒዲኤፍ ያዋሃደ ሰው ራሱን አሰናብቷል።

ውጤቱ እስኪገለጽ ድረስ በቴሌግራም ቻናልም በፌስቡክም ምንም አይለጥፉ። “ሲሠራ” ተብሎ የሚለጠፍ የሞዴል ፎቶም ይቆጠራል።

11. መላክ

ከማስረከቢያው 72 ሰዓት በፊት ዲዛይኑ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚታረመው ፊደል፣ ቁጥርና ፋይል ብቻ ነው። ይህን ሕግ የሚያስከብር አንድ ሰው ይሰይሙ፤ የዲዛይኑ መሪ ባይሆን ይመረጣል፣ እሱ ሁልጊዜ “አንድ ነገር ብቻ” ይላል።

ከ24 ሰዓት በፊት ይጫናል። 40 ሜጋባይት ፋይል በሴኮንድ ግማሽ ሜጋቢት በሚልክ መስመር ላይ 11 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ መሀል ላይ ቢቋረጥ ብዙ ገጾች ከዜሮ ያስጀምራሉ። መብራት ቢሄድ ላፕቶፕና የስልክ ዳታ ተዘጋጅተው ይጠብቁ። በመጨረሻው ሰዓት ገጹን የሚያጨናንቁት ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ጭምር ናቸው።

ከተጫነ በኋላ የጫኑትን ፋይል ከገጹ ላይ መልሰው አውርደው ይክፈቱት። የማረጋገጫውን ገጽ ፎቶ ያንሱ፣ ኢሜይሉን ያስቀምጡ። ማረጋገጫ ካልመጣ ለአዘጋጁ የሚጽፉበት አንድ ሙሉ ቀን ገና በእጅዎ አለ።

በአገር ውስጥ መሥሪያ ቤቶች የሚወጡት ደግሞ መልካቸው ወደ ጨረታ ያደላል። የታደሰ የሙያና የንግድ ፈቃድ፣ የቲን ቁጥር፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ፣ የግብር ክሊራንስ፣ አንዳንዴም ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ይጠየቃል። ቴክኒካሉና ፋይናንሺያሉ በተለያየ ፖስታ፣ ኦርጅናልና ኮፒ ተብሎ፣ በየገጹ ማህተም ተደርጎ ይታሸጋል። እዚህ ላይ ማህተሙ ከስም አልባው ቦርድ ጋር ይጋጫል። ደንቡ ሁለቱንም ከጠየቀ የትኛው ገጽ ማህተም እንደሚይዝ በጽሑፍ ይጠይቁና መልሱን ከሰነዱ ጋር ይያዙ። ክሊራንስ ለማውጣት ቢያንስ አንድ ሳምንት ይተዉ፤ ፖስታውን የሚያደርሰው ሰውም ሳጥኑ የት ፎቅ እንዳለ በዋዜማው አይቶ ይምጣ።

12. ከውጤቱ በኋላ

ካሸነፉ ከጋዜጠኛ በፊት ከሕግ ባለሙያ ጋር ይነጋገሩ። የመጀመሪያው የውል ረቂቅ ሲመጣ ሽልማቱ ከዲዛይን ክፍያው የሚቀነስ ቅድሚያ ነው ወይስ ለብቻው ነው የሚለውን ይፈልጉ፤ በብዙ ደንቦች ላይ ቅድሚያ ነው። ፕሮጀክቱ ውጭ አገር ከሆነ በዚያ አገር ፈቃድ ያለው አርክቴክት አብሮ መፈረም ይኖርበታል፣ የሱ ድርሻ ከየት እንደሚከፈል በረቂቁ ላይ ይስፈር።

ካላሸነፉ የዳኞቹን ሪፖርት ይጠይቁ። በአግባቡ የሚመራ ውድድር ሪፖርት ያወጣል፤ ስለ እርስዎ ሥራ አንድ መስመር ባይኖረውም ስለ አሸናፊዎቹ የተጻፈው ዳኞቹ ምን ሲፈልጉ እንደነበር ያሳያል። ሪፖርቱን ከቀዩ ዝርዝር ጎን አስቀምጠው ያነጻጽሩ። ፋይሎቹን፣ ፎንቶቹን፣ የሬንደር ምንጮቹን አንድ ላይ ሰብስበው ከተጠቀሙበት ሰዓት መዝገብ ጋር ያስቀምጡ። የሚቀጥለውን ውድድር ሲያሰሉ ያ 270 ሰዓት በእውኑ ስንት እንደነበር የሚነግርዎ መዝገቡ ነው።

ለማህበሩም ሁለት መስመር ይጻፉ፦ አዘጋጁ ጥያቄ ይመልሳል ወይ፣ ሽልማቱን በስንት ጊዜ ከፈለ፣ ደንቡን መሀል ላይ ቀየረ ወይ። በቀጣዩ ዓመት ያው አዘጋጅ ጥሪ ሲያወጣ ይህ መረጃ ከማስታወቂያው ጎን ሊቀመጥ ይችላል።